ኮሌጁ የፒጃማዬን ድቦች ተዋወቀ

ዛሬ አራት የኮሌጅ መምህራን የፒጃማ ሱሪዬን አይተዋል።

የመግቢያ ኢንተርቪው በቪዲዮ ነበር፤ የሚቀበሉት ደግሞ ጥቂት ልጅ ነው። አቦከር ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ከላይ የእህቴን ኮት፣ ከታች ድብ የተሳለበት ፒጃማ ለብሼ ቁጭ አልኩ። ማን ያያል?

አባቴ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ «ኖር!» ያላለ ልጅ እሱ ቤት እራት አይበላም።

ታዲያ አንድ መምህር ስክሪኑ ላይ ብቅ ባሉ ቁጥር እኔ ብድግ፣ «ኖር!» አራት ጊዜ! ፊቴ ከካሜራው ወጥቶ ድቦቹ ብቻ ቀሩላቸው።

የመጨረሻዋ መምህርት እየሳቁ «በእግዜር! ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ «ድክመትሽ ምንድን ነው?»

«አሁን ያያችሁት» አልኩ።

አባቴ ከበሩ ኋላ «ጎሽ! አላሳፈርሽኝም!»

ካለፍኩ ድቦቹም አልፈዋል። እናንተስ፣ ኢንተርቪው ላይ ምን ታይቶባችሁ ያውቃል?