ዩኒት ሊደሯ ማዳመጥ ስትማር

ብዙነሽ ማስተርስ የጀመረችው አርባ አራት ዓመት ሲሞላት ነው። ከዚያ በፊት ደብረ ታቦር ዳርቻ፣ ወደ ጋፋት በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለአሥራ ሁለት ዓመት ዩኒት ሊደር ሆና ሠርታለች። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ ያረፈደውን ታንበረክካለች፣ ጥፍሩን ያልቆረጠውን ትመልሳለች። "ነገ ወላጅ ይዘህ ና!" ስትል ድምፅዋ ያለ ማይክራፎን ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። ክፉ ሰው አልነበረችም። ልጆቹን ትወዳቸዋለች፤ መውደዷን ግን ከእሷ በቀር ያወቀ አልነበረም።

የማስተርሱን ማስታወቂያ ያየላት ባሏ ሙሉቀን ነው።

"የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂ ይላል፤ ቅዳሜና እሁድ። ተመዝገቢ!" አላት።

"እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?"

"ምን አለበት! ስንት ሺህ ልጅ በእጅሽ አልፏል። ደግሞ እኔም ቅዳሜና እሁድ ትንሽ ዐረፍ እላለሁ።"

በሳቅ ገፋችውና ሰኞ ሄዳ ተመዘገበች።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ትልቋ እሷ ሆነች። አስተማሪዋ ዶክተር ትዝታ ከሀዋሳ የመጣች ወጣት ስትሆን፣ በዕድሜ ታናሽ እህቷ ብትሆን ነው። ንባቡም ፈተናውም ለብዙነሽ አልከበዳትም። የከበዳት ማዳመጥ ነው። በመጀመሪያው ልምምድ አንድ የክፍል ጓደኛዋ ችግሩን ሊያዋያት ተቀመጠ፤ ንግግራቸውም ለሃያ ደቂቃ በስልክ ተቀረጸ። ዶክተር ትዝታ ቀረጻውን ከሰማች በኋላ እንዲህ አለች፦

"እትዬ ብዙነሽ፣ ከሃያው ደቂቃ አሥራ ስድስቱን ያወሩት እርስዎ ነዎት።"

"መፍትሔ ልስጠው ብዬ ነዋ!"

"ችግሩን ገና አልነገረዎትም እኮ።"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ብዙነሽም አብራ ሳቀች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ከነከናት። ከዚያ ምሽት ጀምሮ በሙሉቀን ላይ ትለማመድ ገባች። "ዛሬ እንዴት ዋልክ?" ትለውና አፏን ግጥም ታደርጋለች። ሰውዬው ግራ ገባው። በሦስተኛው ቀን "ምን አጥፍቼ ነው?" ብሎ ጠየቃት። በአምስተኛው ቀን ግን ከተጋቡ ጀምሮ አንድም ቀን ያላነሳውን፣ አባቱ የሞቱበትን ዓመት አነሳ። ወጡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አወራላት። ብዙነሽ ሃያ ዓመት አብራው ስትኖር ይህን ሁሉ አለመስማቷ ገረማት።

በሁለተኛው ዓመት ለተግባር ልምምድ የተመደበችው እዚያው የራሷ ትምህርት ቤት ነው። የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል ጸድታ ተሰጠቻት፤ በሯ ላይም "የምክር አገልግሎት" ተብሎ ተለጠፈ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝር ያለ ተማሪ የለም። እንዲያውም በመስኮቱ ሥር የሚያልፉት ልጆች እንዳታያቸው ጎንበስ ብለው ነበር የሚሮጡት።

በአራተኛው ሳምንት የአማርኛው መምህር መጥቶ ስለ መስከረም ነገራት። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ በመጀመሪያው መንፈቅ አንደኛ የወጣች ልጅ። አሁን ግን እጇን አታወጣም፤ ስትጠየቅም "አላውቅም" ትላለች። በወረቀት ሲሆን ሁሉንም ትክክል ትሠራለች። ብዙነሽ ጠርታ አነጋገረቻት። ልጅቷ መሬት መሬት እያየች "ምንም አልሆንኩም" ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። አላስጨነቀቻትም፤ ለአባቷ "ለመነጋገር ብቅ ቢሉ ደስ ይለኛል" የምትል አጭር ደብዳቤ ሰጥታ ሸኘቻት።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። የመስከረም አባት ገሰሰ ብቻውን አልመጣም። ከፊቱ የነፍስ አባቱን ቄስ ሙላቴን አስቀድሞ፣ ከኋላው ደግሞ አንድ ሌላ ሽማግሌ አስከትሏል። ሦስቱም አደግድገው በር ላይ ቆሙ።

"ይግቡ አባ፤ ግቡ፣ ተቀመጡ" አለች ብዙነሽ መስቀል ተሳልማ።

"አንቀመጥም" አሉ ቄስ ሙላቴ። "የመጣነው ለይቅርታ ነው። ልጅ ናት፤ ያጠፋችውን አጥፍታለች። ስለ መድኃኔዓለም ብለው ይማሩልን።"

"ምንም አላጠፋችም እኮ አባ!"

"እንግዲያው ያጠፋው ገሰሰ ነው ማለት ነው" አሉና ዞረው አዩት። ገሰሰም ምን እንዳጠፋ ሳይጠይቅ የሚሸከመው ድንጋይ ፍለጋ ዓይኑን ወደ ግቢው ላከ።

ብዙነሽ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ዋጥ አድርጋ እንደ ምንም አስቀመጠቻቸው። "የጠራሁዎ ለክስ አይደለም አቶ ገሰሰ። መስከረም ጎበዝ ልጅ ናት። ሰሞኑን ግን ክፍል ውስጥ አትናገርም። ለምን እንደሆነ አላወቅሁም" አለች።

ከዚያ ዝም አለች። አሥር ምክር ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለሰችው። ከውጭ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ልጆች ሲቆጥሩ ይሰማል። ሽማግሌው አሳላቸው። ገሰሰ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ።

"እኔ እንጃ" አለ በመጨረሻ። "ወንድሟ ፋሲልም እዚያው ክፍል ነው እኮ። አምና ወድቆ ደገመ። አንድ ቀን መምህሩ ጠይቆት አቃተው፤ እሷ መለሰች። ልጆቹ 'እህትህ ታስጠናህ!' ብለው ሳቁበት። ቤት መጥቶ እህል አልቀምስም፣ ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም አለ። እኔም 'አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽን አታሳፍሪው' አልኳት። አንዴ ብቻ ነው ያልኳት፤ ረስቼውም ነበር።"

"እሷ አልረሳችውማ" አሉ ቄስ ሙላቴ ቀስ ብለው።

ገሰሰ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

"ምን ብናደርግ ይሻላል?" ብላ ጠየቀች ብዙነሽ።

እስካሁን አንድ ቃል ያልተነፈሱት ሽማግሌ "ሌላ ሰባተኛ ክፍል የለም እንዴ?" አሉ።

ነበረ። ፋሲል ራሱ ተጠየቀና ጥያቄው ሳያልቅ እሺ አለ፤ ከሰዓት ደብተሩን ሰብስቦ ሰባተኛ "ለ" ገባ። ማታውኑ ገሰሰ "አታሳፍሪው" ያለውን ቃል ቄስ ሙላቴ ፊት አንስቶ መስከረምን መረቃት። ሳምንት ሳይሞላ የአማርኛው መምህር "መስከረም ሌላውን ልጅ አላስመልስ አለችኝ!" እያለ ለብዙነሽ ስሞታ አቀረበ።

ዶክተር ትዝታ የልምምዱን ሪፖርት ስታነብ ድንጋይ ፍለጋው ላይ ስትደርስ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ብዙነሽንም ለክፍሉ እንድትተርክ አደረገቻት።

ፋሲል ደግሞ በግንቦት፣ በዕረፍት ሰዓት፣ በሩን ገፋ አድርጎ ብቅ አለ። "ማንም አልጠራኝም፤ በራሴ ነው የመጣሁት" አላት። የፈተና ወረቀት ሲሰጠው እጁ በላብ እንደሚርስና ያጠናው ሁሉ ብን ብሎ እንደሚጠፋበት ነገራት። እስከ ሰኔ ድረስ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ አብረው ሠሩ። ከሃምሳ ሁለት ተማሪ አሥራ ዘጠነኛ ወጥቶ ስምንተኛ ክፍል አለፈ፤ ካርዱንም ለአባቱ ከማሳየቱ በፊት ለእሷ አሳያት።

ብዙነሽ አሁን የመመረቂያ ጽሑፏን ስለ ክፍል ደጋሚ ተማሪዎች እየጻፈች ነው። ለጥናቱ ጋፋት አካባቢ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ ጭቃው ጫማዋን ቢበላባትም ደስ ብሏታል።