ለሐኪም «ደህና ነኝ» ያለው ሰውዬ

ሰፈሩ «ደህናው» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት አብረውት አውቶቡስ ይነዱ የነበሩ ሹፌሮች ናቸው። ሰውዬው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ፣ ተሳፋሪ ሲሰድበው ውሎ፣ ፍሬን አስቸግሮት፣ ትራፊክ ቀጥቶት ጋራዥ ሲገባ «እንዴት ዋልክ?» ይሉት ነበር። መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን።» አንዴማ ከሲሚንቶ መኪና ጋር ተጋጭቶ፣ የፊት መስታወቱ ጭኑ ላይ ተዘርግፎ፣ ሰዎች በመስኮት ብቅ ብለው ምን ሆንክ ሲሉት «ደህና፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ?» አለ ይባላል። በዓይኑ ያየ ሰው ባይገኝም፣ ወሬውን የሚጠራጠር ግን የለም።

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። እሷ ደግሞ ከከተማዋ ጋር እንደተጣላች ነው የምትኖረው። ውሃው ይጠፋል፤ ሲመጣም ቀለም ይዞ ይመጣል። ምድር ቤት የበርና የመስኮት ብረት የሚበይደው ጎረቤት ጆሮዋን አደንቁሯታል። ጭሱ መጋረጃዋን ገና ሳይሸጥ ያጠቁርባታል። በየጠዋቱ መስኮቱን ብርግድ አድርጋ እየከፈተች «ይቺ ከተማ አንድ ቀን ትገድለኛለች!» ትላለች። ይህን ማለት ከጀመረች ወዲህ ልጆች ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ድራለች፤ ጉንፋን እንኳ ደፍሯት አያውቅም። የጨርቅ ጥቅል በትከሻዋ ተሸክማ አራተኛ ፎቅ ድረስ ስትወጣ በየደረጃው ማዘጋጃ ቤቱን ትረግማለች። ትንፋሽ ያጥራታል ብሎ የጠበቀ ጎረቤት እስካሁን እየጠበቀ ነው።

ደህናው ግን በከተማዋ ደስተኛ ነው። ስለ ጫጫታው ሲነሳ «ሰው አለ ማለት ነው» ይላል። ስለ ጭሱ ሲነሳ «ሥራ አለ ማለት ነው» ይላል። ውሃው ሲጠፋ «ይመጣል» ብሎ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ሰላማዊ ሰው ታዲያ ደም ግፊቱ፣ ጨጓራው፣ ወገቡ ተባብረው ይዘውታል። በቅርቡ ደግሞ አዲስ ነገር መጥቶበታል፤ ደረጃውን ሲወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረቱን ጭምድድ ያደርገዋል። ያኔ ጎንበስ ይልና የጫማውን ክር የሚያስር ይመስላል። ለማንም አልተናገረም፤ ማንን ያስቸግራል?

አንድ ጠዋት ከጤና ቢሮ የመጣች ልጅ በሩን አንኳኳች። ሰው በከተማ ኑሮው ያለው እርካታና ጤናው እንዴት እንደሚያያዙ የሚያጠና ጥናት ላይ ነኝ አለችና ስልኳን አውጥታ መጠየቅ ጀመረች።

«አባቴ፣ በከተማው ኑሮ ምን ያህል ረክተዋል?»

«በጣም፣ ልጄ። ምን ጎደለ?»

«ድምፅ ይረብሽዎታል?» ልጅቷ ይህን የጠየቀችው እየጮኸች ነው፤ ታች በያጁ ብረት እየቆረጠ ነበር።

«ምን ድምፅ?» አለ ደህናው።

የሚያምዎት ነገር አለ ወይ ስትለውም «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አላት። ተራው የሚስቱ ሲሆን ልጅቷ በስልኳ ላይ የምትነካበት ጣት አጠራት። ውሃውን፣ በያጁን፣ ደረጃውን፣ ከንቲባውን፣ የከንቲባውን ምክትል አንድ በአንድ አነሳችላት። በመጨረሻ «የጤና ችግርስ አለብዎት?» ስትባል ግን ሴትየዋ ቆም ብላ አሰበች። ጉልበቷን ነካ ነካ አደረገች፤ ደህና ነው። ወገቧን ዞር ዞር አደረገች፤ እሱም ደህና ነው።

«ለጊዜው የለብኝም» አለች ተናዳ። «ግን ልታመም ነው፤ እንደዚያ ብለሽ ያዢልኝ።»

እንግዳ ሳይሸኝ አይቀርምና ደህናው ልጅቷን እስከ ውጭ በር ድረስ ሸኛት። ሲመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያው ደረቱ ያዘው፤ እሱም ጎንበስ አለ። ሚስቱ ምን አስቆየው ብላ በደረጃው መደገፊያ ወደ ታች ስታይ ባሏ የጫማውን ክር ሲያስር አየችው። ጫማው ክር የሌለው ነው። ራሷ ናት የገዛችለት።

በማግስቱ እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ነርሷ «አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው» ብላ ሚስትየዋን ውጭ አስቀረቻት። ውስጥ የተደረገው ይህ ነው።

«እንደምን ነዎት፣ አባባ?» አለ ወጣቱ ሐኪም።

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን። አንተስ ልጄ? ቤተሰብ ደህና? ሥራ እንዴት ነው?»

ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ ሲማረሩበት የዋለ ሰው ነውና በደስታ ሊያቅፈው ምንም አልቀረው። ምን እንዳመጣው ሲጠይቀው ደህናው «ባለቤቴ ስላስቸገረችኝ ነው እንጂ…» አለ። ደረቱንም ሲጠይቀው «ኧረ ምንም አይል፣ አንዳንዴ ነው» አለ። የጨጓራ መድኃኒት ይዞ፣ በምርቃት ተሸኝቶ ወጣ።

«ምን አልከው?» አለች ሚስቱ።

«እንዴት ነህ አለኝ፤ ደህና አልኩት።»

«ሐኪም እኮ ነው! ሰላም ሊልህ መሰለህ የተቀመጠው?»

«እና ገና ፊቴን ሳያውቀው፣ እንዴት ነህ ሲለኝ፣ አሞኛል ልበለው? ነውር አይደለም?»

ሰውዬው ነውር እንዳይሆንበት ብሎ ሊሞት ነው። ሴትየዋ ፈራች፤ ስትፈራ ደግሞ ሥራ ትጀምራለች። ቤት እንደደረሱ ወንበር ላይ አስቀምጣው፣ የጨርቅ መለኪያውን እንጨት ይዛ፣ ሐኪም ሆና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«እንዴት ነህ?»

«ደህ…»

እንጨቱ ጠረጴዛው ላይ ጧ አለ። «እንደገና! እንዴት ነህ?»

«እህ… አለሁ።»

«እሺ፣ ከትንሽ ነገር እንጀምር። ስለ አንድ ነገር አማርር። ስለፈለግከው።»

ደህናው ዙሪያውን ቃኘ። ላቡ መጣ። «ሻዩ… ቀዝቅዟል» አለ በመጨረሻ።

«ጎሽ!» አለች፤ ከዚያ ሻዩን ያፈላችው እሷ መሆኗ ትዝ ሲላት ፊቷ ትንሽ ተኮሳተረ። «ሌላስ?»

«የስፌት መኪናሽ። ስትሰፊ ጥርሴ ውስጥ ነው የሚሰማኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተጋባን ጀምሮ።»

መለኪያውን አስቀመጠች። «እንደ ዝናብ ነው፣ ያስተኛኛል አላልከኝም?»

«ጠየቅሽኝ፤ ምን ልበል?»

ተቀየመችው፤ ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ስቃ ስቃ እንባዋን በጨርቅ ቁራጭ ጠረገች። እሱም አብሯት ሳቀ። ሲስቅ ደረቱን ያዘውና «እዚህ ጋ ያመኛል» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሐኪሙ ዘንድ ሲመለሱ «እንደምን ነዎት?» ሲባል ደህናው ወንበሩን ጨብጦ «አሞኛል» አለ። አንዴ ከወጣለት በኋላ ግን የሚያቆመው ጠፋ። ከደረቱ ጀምሮ፣ በደረጃውና በጫማው በኩል አልፎ፣ በያጁንና ከንቲባውን ሳይቀር አነሳ። ሐኪሙ ከንቲባውን ተወና ደረቱን ያዘ። ምርመራ ታዘዘ፤ የልቡ ደም ስር ጠቧል ተባለ፤ በጊዜ መጥታችኋል ተባለ።

መድኃኒቱ ያዘለት። እሱም ማማረሩን እንደ መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት መውሰድ ጀመረ። ባልና ሚስት መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ከተማዋ ላይ በየተራ ይወርዱባታል። ከተማዋ አንድም ነገር አላሻሻለችም። ደህናው ግን የፊቱ ወዝ ተመለሰ፤ ሁለተኛውን ፎቅም ሳይጎነብስ ማለፍ ጀመረ።

እንዲህ እንዳሉ አንድ ጠዋት ሚስቱ መስኮቱን ቀስ አድርጋ ከፈተች፤ ምንም አላለችም። ታች በያጁ ብረቱን መቁረጥ ጀመረ፤ ዝም። ውሃው ጠፋ፤ ጀሪካኑን ይዛ ወርዳ ቀድታ መጣች፤ ዝም። ደህናው ተራዋን ጠበቀ። ዝምታዋ ሲበዛበት «እንዴት አደርሽ?» አላት።

«ደህና ነኝ» አለች። «ተመስገን።»

የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አብረው ባረጁበት ዘመን ሁሉ ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም። አያት፤ ግራ እጇ ብብቷ ስር ገብቶ አንድ ቦታ ተጭኗል፣ ዓይኗ ጨርቁ ላይ ነው። እስከዛሬ ያማረረችበት ነገር ሁሉ ለካ የማያስፈራት ነገር ነበር።

«የቱ ጋ ነው?» አለ።

«ምኑ?»

«ያመመሽ።»

«ሰውዬ፣ ደህና ነኝ አልኩህ እኮ።»

«ተነሺ!» ብሎ ጮኸ። እሱ ሲጮህ ታች በያጁ እንኳ ሥራውን አቆመ። «ነጠላሽን ልበሺ!»

ሐኪም ቤት ነርሷ «አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው» አለች። ደህናው አልሰማትም፤ ሚስቱን ክንዷን ይዞ ገባ። ወጣቱ ሐኪም ቀና ብሎ ፈገግ አለ።

«እንደምን ነዎት፣ እናቴ?»

አፏን ልትከፍት ስትል ባሏ ቀደማት።

«ደህና አይደለችም» አለ።