በሞቴ የሚል ማሽን

በ1968 ዓ.ም.፣ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ፣ ጣና ላይ አንዲት ጥያቄ ጠየቅሁ። መልሱን ያገኘሁት ስድሳ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነው። በመካከሉ ያለፈውን ዘመን እናንተው አስሉት፤ እኔ መቁጠር አልወድም።

ነገሩን የሚያስታውሰኝ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ዛሬም ከመስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ስከፍተው መጀመሪያ ያጓራል፤ ቀጥሎ ፊቱ ይጠቁራል፤ ከዚያ በጥቁሩ ላይ አንዲት ነጭ ጭረት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ትላለች። እሷን ባየሁ ቁጥር የእርጥብ ደንገል ሽታ ይመጣብኛል። ላፕቶፕና ደንገል ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። ታገሡኝ፣ እደርስበታለሁ።

ያኔ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር በታንኳ እንጨት አመላልስ ነበር። የእኛ ታንኳ ከደንገል፣ ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ረጅም ሣር፣ የሚታሰር ነው። ውሃ በጠጣ ቁጥር ይከብዳል፣ ይሸታልም፤ ሽታው ግማሹ ሣር፣ ግማሹ ዓሣ ነው። ባለቤቴ የዘጌ ልጅ ነበረች። ሽማግሌ ተላከ፣ አባቷ እሺ አሉ፣ ቀን ተቆረጠ። እሷን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ወጉ እንዲያ ነው። እኔም ከዚያ በፊት የቡና ዛፍ ጥላ ሥር ቆማ በሩቁ አይቻት እንደሆን እንጂ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

የሰርጉ ዕለት ሚዜዎቼ በሌሎች ታንኳዎች ቀድመው እየዘፈኑ ሄዱ። እሷ ከፊቴ ተከናንባ ተቀምጣለች፤ እኔ ከኋላ እቀዝፋለሁ። ውሃው ዘይት መስሎ ተኝቷል። ፀሐይዋ ጀርባዬን ታሞቀኛለች። የሚዜዎቹ ድምፅ እየራቀ ሲሄድ ድፍረት መጣልኝና፣

«ወደሽኝ ነው የመጣሽ?» አልኋት።

ሙሽራ ቃል እንደማታወጣ አጥቼው አይደለም። ግን ራሷን እንኳ ትነቀንቅልኛለች ብዬ ነበር። አልነቀነቀችም። አንድ እጇን ብቻ ከኩታው ሥር አወጣችና ውሃው ውስጥ ነከረችው። ታንኳው ሲሄድ ጣቶቿ ውሃውን እየሰነጠቁ ይከተሉን ነበር። እስከ ወደቡ ድረስ እጇን እያየሁ ቀዘፍሁ። እሺ ማለቷ ነው? እምቢ ማለቷ ነው? ወይስ ሞቋት ነው? አላወቅሁም።

ሌላ ሰው ቢሆን ማታውን ደግሞ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን እንዲህ አልተፈጠርሁም። አንድ ጊዜ ጠይቄ መልስ ካጣሁ አልደግምም። ሰላምታዬን አንድ ቀን ሳይመልስ የቀረ ጎረቤቴን ዛሬም በሌላ መንገድ ዞሬ ነው የማልፈው። ግትር ነህ ይሉኛል፤ ይበሉ። እናም ጎጆ ወጣን፣ ልጆች ወለድን፣ ዳርን። ተጣላን፣ ታረቅን፣ አብረን ሸበትን። ጥያቄዋ እንደ ዓሣ አጥንት እዚህ ጉሮሮዬ ላይ እንደተሰነቀረች ኖረች።

በ2013 ክረምት ሲገባ ባለቤቴን ግማሽ አካሏን ያዛት። ምላሷም ታሰረ። ነገር ይገባታል፣ ዓይኗም ያው የጥንት ዓይኗ ነው፤ ቃል ግን የለም። የቀረላት የግራ እጇ ነበር፤ እሱም አንድ ጣት በወጉ ይታዘዛል። እኔ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ምን እንደምትፈልግ ስገምት እውላለሁ። ውሃ ስሰጣት ትራስ ፈልጋ ይሆናል። ትራስ ስቀይር ውሃ ጠምቷት ይሆናል። ታለቅሳለች። እኔም ወደ ጓሮ እወጣለሁ።

የመጨረሻዋ ልጃችን እዚሁ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ታስተምራለች። አንድ ቅዳሜ ይህን ላፕቶፕ ይዛ መጣች።

«ስክሪፕት ጽፌላታለሁ፣ አባባ» አለችኝ።

«ምንድን ነው ደግሞ እሱ?»

«ጥያቄ ይጠይቃል፣ መልስ ይጠብቃል፣ በመልሱ መሠረት ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ይህማ ሽማግሌ መላክ ነው» አልኋት። ሳቀች።

ከቁልፎቹ በአንዱ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ለጠፈች፣ አዎ ማለት ነው። በሌላው ላይ ቀይ፣ አይ ማለት ነው። እናቷ ፊደል ስለማትለይ አንባቢው እኔ ሆንሁ። እኔም ብሆን በመሠረተ ትምህርት ዘመን የለቀምኋትን እየቆጠርሁ ነው የማነብ፤ ግን ማንም አልቸኮለም።

«እማዬ፣ ውሃ ልስጥሽ?» ይላል። አነበብሁላት። ጣቷን እየጎተተች ወስዳ አረንጓዴውን ተጫነች። ማሽኑ ዝም። ደግማ ተጫነች። «አአአአ» ብሎ ተደረደረ እንጂ ወዲያ ፈቀቅ አላለም። ልጄ ግንባሯን መታች።

«ወይኔ! ለካ እንተር የሚባለውን ቁልፍ ካልተጫነች መልሱን አይቀበልም!»

«እና አንድ ጣት ያላት ሴት ስንት በር ታንኳኳ?» አልሁ።

ተቀምጣ አስተካከለችው፤ አንዴ ነክታ እንዲበቃት አደረገች። ከዚያ ዞር ብላ፣ «አባባ፣ ብዙ ከቆየች ጥያቄውን ይለፈው?» ስትለኝ ተቆጣሁ። «የት ሊደርስ ነው የሚቸኩለው? ይጠብቃት!» አልኋት። ተወችው። ያች ነጭ ጭረት ብልጭ ድርግም እያለች እናቷን ትጠብቅ ጀመር። እውነቱን ልንገራችሁና፣ እንዲያ የሚጠብቅ ሰው አላየሁም፤ እኔን ጨምሮ።

አንድ ነገር ግን አልወደድሁለትም። ጣቷ ስታ ሌላ ቁልፍ ከነካች፣ «አልገባኝም» ይልና ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይጠይቃል። ብትስት ደግሞ፣ ደግሞ።

«አያፍርም እንዴ?» አልሁ።

«ምን ያፍራል፣ አባባ? መልስ እስኪያገኝ ይዞራል። እንዲያ ብዬ ነው የጻፍሁት።»

ነገሩ የመጣው በሳምንቱ ነው። ልጄ ሥራ ላይ ናት። ማሽኑ «ምሳ ላቅርብልሽ?» አለ፣ አነበብሁላት፣ ቀዩን ተጫነች። አይ ካለች አይ ነው፤ ሰሐኑን መለስሁ። ማታም ቀይ። በማግስቱም ቀይ። ልጄ ስትመጣ ምግቡ እንደተከደነ ነው። እናቷን አየቻት፤ ጉንጯ ጎድጉዷል። ከጓዳ ቆማ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ምግብ ዘጋት፣ ነገ በቱቦ ይስጧት ይሉናል፣ ሆዷ እንዲህ ካለ ደግሞ አትቆይልንም፣ ትላለች። ወጥቼ ከደጃፉ ተቀመጥሁ።

ቆየት ብላ ዓይኗን እየጠረገች መጣች።

«አባባ፣ አይ ስትልዎት ምን አሏት?»

«ምን እላታለሁ? ሰሐኑን መለስሁ።»

«በሞቴ አላሏትም?»

«ማን፣ እኔ?»

አፏን ይዛ አየችኝ። «ኧረ አባባ! እማዬ መቼ ነው በአንድ ጥሪ እሺ ብላ የበላች?»

እውነቷን ነው። በሰው ቤት ባለቤቴ «በልቼ ነው የወጣሁ» ሳትል፣ ሴቶቹም በሞቴ፣ አፈር ስሆን ብለው ሳይለምኗት እጇን ታጥባ አታውቅም። ያደገችበት ነው። በራሷም ቤት ቢሆን እኔ እስክጠግብ ድረስ አልራበኝም ባይ ነበረች። ለካ አልጋ ላይ ወድቃ፣ ለአንድ ማሽንም፣ ይሉኝታዋን አልጣለችም! ያ ደግሞ አንድ ጊዜ ጠየቀና አለፈ። እኔም አንድ ጊዜ ጠየቅሁና አለፍሁ።

ልጄ እንባዋ ሳይደርቅ እየሳቀች ተቀመጠች። ቀዩ ሲነካ ጥያቄውን ከማለፉ በፊት አንዲት ቃል እንዲጨምር ጻፈችለት። ከዚያ ማሽኑን ፊቷ አስቀመጥነው።

«ራት ላቅርብልሽ?» ቀይ። ጥቁሩ ላይ ቃሏ ወጣች። ልጄ በክርኗ ጎሰመችኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብሁ።

«በሞቴ?»

ባለቤቴ ዓይኗን አነሣች። ወደ ማሽኑ ሳይሆን ወደ እኔ ነው ያነሣችው። በሕይወቴ እንዲያ ብያት አላውቅማ። አረንጓዴውን ተጫነች። ያን ምሽት ሽሮዋን እስከ መጨረሻዋ ማንኪያ ጨረሰች፤ ልጄም «እማዬ፣ ከኮምፒውተርም ይሉኝታ?» ስትላት በግማሽ ከንፈሯ ሳቀች።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ መጨረሻ ባዶ መስመር ነበረች፤ ምንም ያልተጻፈባት፣ ጭረቷ ብቻ ብልጭ የምትልባት። «ይቺ ለሌላ ለምንም ነገር ናት፣ አባባ። እርስዎ በአፍዎ ይጠይቁ፤ እሱ ይጠብቃል» ብላኛለች። መስኮት ልክፈት? ሬዲዮ ይዘጋ? እል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጥሎ አባራ። መስኮቱን አረንጓዴ ብላኝ ከፍቻለሁ። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል መጣ፤ ደንገል፣ የረጠበ ደንገል ሸተተ። እሷም ሸቷታል፤ ዓይኗን ጨፈነች። ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ፀሐይዋ ጀርባዬ ላይ ናት። ባዶዋ መስመር ላይ ጭረቷ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ያኔ በታንኳው» አልሁ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ወደሽኝ ነበር የመጣሽ?»

ዓይኗን ገለጠች። ጠበቅሁ። እኔ ሰው ጠብቄ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን ጭረቷን እያየሁ እንደ እሷ ጠበቅሁ። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ መጣና ሄደ። ጣቷ ተነሣች፣ ቁልፎቹ ላይ ተንሳፈፈች፣ ወረደች።

ቀይ።

ምን ልበላችሁ። ምርኩዜን ያዝሁ። ልነሣ ነው፤ ጓሮ ልወጣ ነው። እንኳን አልደገምሁት እስከ ዛሬ፣ አልሁ በሆዴ። ይኼኔ ጥቁሩ ላይ ቃሏ ብቅ አለች። ማሽኑ ያስተማሩትን ነው የሚያውቅ፤ የምሳ ይሁን የዕድሜ ልክ ጥያቄ ለይቶ አያውቅም።

አየኋት። ማንበብ አልፈለግሁም። ጭረቷ ከቃሏ ቀጥሎ ብልጭ፣ ድርግም። ባለቤቴም ታየኛለች፤ እሷ ማንበብ አትችልም፣ ካላነበብሁላት የምታውቀው ነገር የለም። ተመልሼ ተቀመጥሁ።

«በሞቴ?» አልኋት።

በግማሽ ከንፈሯ ሳቀች። ያ ሳቅ አለ አይደል፣ ሰውን ስታበሽቅ የምትስቀው! ጣቷን ወደ አረንጓዴው ወሰደችና ተጫነች፤ ተጭናም አልለቀቀችም። አዎ፣ አዎ፣ አዎ እያለ ጥቁሩ ከላይ እስከ ታች ሞላ። ከዚያ እጇን ከቁልፉ አነሣችና ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ለቀቀችው፤ ጣቶቿን ዘርግታ ቀስ ብላ ወዲያና ወዲህ አለቻቸው፣ ውሃ እንደሚሰነጥቅ ሰው።

ማታ ልጄ መጥታ፣ «አባባ፣ ይህ ሁሉ አዎ ምንድን ነው? ምን ጠይቀዋት ነው?» ብላ ያዘችኝ። «መስኮት ልክፈት ወይ ነው ያልኋት» አልሁ።

ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ ዓመት አልሞላትም። ልጄ ላፕቶፑን ልውሰደውና ለተማሪ ይሁን ብላ ነበር፣ እምቢ አልኋት። አንዳንድ ከሰዓት ከፍቼው እቀመጣለሁ። «እማዬ፣ ውሃ ልስጥሽ?» ይላል። የሚመልስለት የለም፤ እሱ ግን ይጠብቃል፤ እኔም አልዘጋበትም።

ይህ ሁሉ የመጣው ግን በኋላ ነው። በዚያች ሳምንት ገና አለች፤ ገና ትስቃለች። በማግስቱ ጠዋት፣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ ያችኑ ጥያቄ ደግሜ ጠየቅኋት።