እህቴ የወደቀችባቸው ቀኖች

የጤና ጣቢያችን ጤና መኮንን ደብተሬን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ሳቀብኝ። «ይቺን ለአማርኛ አስተማሪሽ ስጫት፤ ድርሰት ነች» አለኝ። እኔም በልቤ ማልኩ፤ አንድ ቀን እሱ ራሱ፣ በገዛ አፉ፣ ጮክ ብሎ ያነባታል!

ታናሽ እህቴ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ድንገት ላብ ያጠምቃታል፣ ዓይኗ ይፈዛል፣ ከዚያ ትወድቃለች። ስለሚያስመልሳት አንዱ ሐኪም «ጨጓራ ነው» አለ። ስለምትንቀጠቀጥ ሌላው «የሚጥል በሽታ ነው» ብሎ ኪኒን ሰጣት። ሦስተኛው «ትምህርት ጠልታ ነው» አለና አረፈው። የሦስቱም ወረቀት በእናቴ አንድ ፌስታል ውስጥ ነበር፤ አንዱ የሌላውን አላነበበም።

አክስቴ ደግሞ ጠበል ወሰደቻት። ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነውና እዚያም ወደቀች። «አየሽ? ሰይጣኑን ጠበሉ ሲነካው ለቀቃት!» አለችኝ አክስቴ፣ ኩራቷ!

እኔ ግን እጽፍ ነበር። የወደቀችበትን ቀን፣ መጨረሻ የበላችበትን ሰዓት። ረቡዕ። ዓርብ። ዐቢይ ጾም፣ «እንደ ትልቅ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልቆየሁ» ያለች ዕለት። በበዓለ ሃምሳ፣ ጾም በሌለበት፣ ገጹ ባዶ! ይህን ይዤ ነው ወደዚያ ሰውዬ የሮጥኩት። እሱ የሳቀውም በዚህ ላይ ነው።

በፍልሰታ ወድቃ አልነቃ አለች። ከመንዝ ብርድ ወርደን ትልቁ ሆስፒታል ስንደርስ፣ ደብተሬን ለተረኛዋ ሐኪም ዘረጋሁላቸው። እሳቸው ቆመው አነበቡ። መጀመሪያ በክንዷ ስኳር አስገቡላት፤ ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ እናቴን ጠየቋት፤

«ከዚች ሌላ፣ ተኝቶ ሳይነሳ የቀረ ልጅ ነበረሽ?»

 እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ፣ «አንድ ወንድ ነበረኝ። ቡዳ በላው አሉኝ» አለች።

ደሟ ወደ ሩቅ ቤተ ሙከራ ተልኮ ተመረመረ። በሽታዋ ከእናትም ከአባትም የወረሰችው ነው፤ ምግብ ሲዘገይ ሰውነቷ ያከማቸውን ስብ ወደ ጉልበት መለወጥ አይችልም። መድኃኒቱ ሳትበላ አለመቆየት! የንስሐ አባታችንም «የታመመ አይጾምም፤ ቀድሞ ብትነግሩኝ ምን ነበር?» ብለው ተቆጡን።

የሐኪሟን ደብዳቤ በደብተሬ መሃል ከትቼ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ።

«ያንብቡልኝ» አልኩት። «ጮክ ብለው። ድርሰት ይወዳሉ።»

አነበበ። ደብዳቤውን ጨርሶ ደብተሬን፣ ከመጀመሪያው ረቡዕ ጀምሮ። ድምፁ እያነሰ ሲሄድ «አልሰማሁም» አልኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ግን ስም ሳይወጣለት የሞተው ወንድሜ ትዝ ሲለኝ፣ ያም አነሰኝ።

ወዲያው አንዲት እናት የፈዘዘ ሕፃን አዝላ ገባች። «ያስመልሰዋል» አለች። ሰውዬው ብዕሩን አነሳ፣ እኔን አየ፣ ብዕሩን አስቀመጠ።

«መጨረሻ የጠባው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አላት። «ከዚህ በፊትስ እንዲህ ሆኖ የሞተብሽ አለ?»

ደብተሬን ሊመልስልኝ እጁን ዘረጋ። አልተቀበልኩትም። እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ ዓይኑ ሥር ትቀመጥ።