የጉበቱ አራተኛ መስመር

በምርምር ክፍሉ ስሟ ቀርቶ «እንደገና» ይሏታል። ያላመነችበትን ሥራ ትደግመዋለች፤ ያመነችበትንም ለማንኛውም ትደግመዋለች።

ሥራዋ የአይጥ አንጎል፣ ጡንቻና ጉበት ፈጭታ፣ ስኳርን በሴል ውስጥ ይዞ ለማቃጠል የሚያዘጋጀውን ኢንዛይም መለየት ነው። ኢንዛይሙ አንድ ይመስላል እንጂ አራት ዓይነት ነው። ጄል በሚሉት ዝልግልግ ሰሌዳ ላይ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት እያንዳንዱ በየርቀቱ ይቆምና ስኳር ያለበት ቀለም ሲነካው መስመር ሆኖ ይታያል። የአንጎሉ ስግብግብ ነው፤ ጥቂት ስኳር ካየ አይምርም። አራተኛው፣ የጉበቱ፣ ኩሩ ነው፤ ስኳር ካልተትረፈረፈ እጁን አይዘረጋም።

ሰኞ ከታረዱት አይጦች ጉበት ውስጥ ይሄ ኩራተኛ ጠፋ።

«ስኳሩን አሳንሰሽው ነው» አሉ ዶክተሩ፣ የክፍሉ ኃላፊ።

«ኧረ አትረፍርፌዋለሁ!»

«እንግዲያው በዚህ ዝርያ ጉበት ውስጥ የለም ብለን እንጽፋለን። ጽሑፉ ዓርብ ይላካል።»

ደገመች። የአንጎሉና የጡንቻው ቁልጭ ብለው ወጡ፤ የጉበቱ አራተኛ ቦታ ባዶ። ሦስተኛ ጊዜ ደገመች፤ ያው ባዶ። ያለን ነገር የለም ብሎ ማሳተም በእሷ እጅ አይሆንም። ስኳሩ ካልጎደለ፣ ናሙናው የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ካልተበላሸ፣ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ረሃብ። የተራበ ጉበት ያንን ዓይነት መሥራት ይተዋል።

ደሟ ፈልቶ ወደ እንስሳቱ ክፍል ወረደች። ጠባቂው የሟች እህቷ ባል ነው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜና እሁድ እነዚህን ማን አበላቸው?»

«ውሃ ነበራቸው እኮ።»

«ስለ መኖ ነው የምጠይቅህ!»

«እህትሽ ከሞተች ወዲህ ልጆቹን ለማን ጥዬ ልምጣ? አይጥ ሁለት ቀን ቢራብ ይሞታል?»

«አይሞትም፤ እኔን ግን ያሳብደኛል! ስንት ጊዜ ነው ያስፈጨኸኝ? ለምን አትነግረኝም?»

«የራስሽ ሐዘን ይበቃሻል ብዬ ነዋ።»

«አይ አንተ! የእህቴ ልጆች ለኔ ባዳ ናቸው?»

ብትናገር እሱ ከሥራ ሊባረር ነው፤ ዝም ብትል ውሸት ሊታተም ነው። እጅጌውን ይዛ ጎተተችው።

«ወዴት?»

«ዶክተሩ ዘንድ። አንተው ትናገራለህ፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

ተናገረ። ዶክተሩ ጠረጴዛውን በጥፊ አሉት። «ከእንግዲህ ቅዳሜና እሁድ ማን ሊያበላቸው ነው? አንተን አምኜ?»

«እኔ» አለች። «እሱን ካባረሩት ግን እኔም የለሁም፤ ጄሉን ራስዎ ያፍስሱ።»

ዶክተሩ ጄል ማፍሰስ ከተዉ ዘመን ሆኗቸዋል። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«በሉ፣ ዓርብ አይላክም። ከፊቴ ጥፉ ሁለታችሁም!»

ቅዳሜ ጠዋት የመኖ ከረጢቱን ታቅፋ ገባች። አይጦቹ ሽቦው ላይ ተንጠላጠሉ።

«ብሉ!» አለቻቸው። «በእናንተ ጦስ የቅዳሜ እንቅልፌም ሄደ፣ ያ ግትር የእህቴ ባልም ይቅርታ ጠየቀኝ። የቱ ይበልጥ እንደሚያናድደኝ አላውቅም።»