ሲሚንቶ የበላው ድምፅ

እስቲ ይህን የብረት ሣጥን እዩት። መጠኑ ጡብ ያክላል፤ ባንድ ጎኑ ማራገቢያ አለው፤ በሌላው ጎኑ የተለጠፈው ወረቀት «ሰባት መቶ ዋት» ይላል። ውሸቱን ነው። ስታነሡት ይከብዳል። ክብደቱም ውሸት ነው።

የገዛችው የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብር ሴት ናት። አባቷ መናኸሪያ ውስጥ የመኪና መነሻ በድምፅ ማጉያ ይናገር ነበር። ባልደረቦቹ «ነጎድጓድ» ይሉታል፤ ለሱ ማይክራፎን ጌጥ ነው እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ጉሮሮው ውስጥ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሞቹ ማንቁርቱ ይውጣ ሲሉ፣ ልጁ ጠረጴዛዋ አጠገብ አስቀምጣ የሕይወት ታሪኩን በገዛ ድምፁ ቀዳችው። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አንዲት ቃል አልወጣችውም።

ቅጂውን ከጫጫታ እያጸዳች ሳለ ኮምፒውተሯ ሥራ በበዛበት ቁጥር ድርግም ይል ጀመር። አዲሱ የግራፊክስ ካርድ የሚፈልገውን ኃይል አሮጌው ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሣጥን፣ አልቻለውም። ቁጭ ብላ ደመረች፦ ለፕሮሰሰሩ ይህን ያህል፣ ለካርዱ ይህን ያህል፣ ለዲስኮቹ ትንሽ፣ ለመተንፈሻም ጥቂት ጨምራ። እውነተኛ አምስት መቶ ዋት ይተርፋት ነበር። ስሌቷ ልክ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ገበያው ውስጥ ግን የተለጠፈውን ቁጥር የሚያምን የለም። ገዢው ሁሉ ዕቃውን በመዳፉ ከፍ ዝቅ አድርጎ ይመዝናል፤ ከቀለለ ባዶ ነው፣ ከከበደ መዳብ አለው ይባላል። እሷም መዘነች።

«የኔ እህት፣ እኔን አትመኚ፤ እጅሽን እመኚ» አላት ሻጩ።

እጇን አመነች። ገጥማ ሥራ እንደ ጀመረች ጧ አለ፤ ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ጠንቃቃ ናትና ቅጂውን በሁለት ዲስክ ይዛው ነበር። ሁለቱም ዲስኮች ግን የነበሩት እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሁለቱም አብረው ተቃጠሉ።

ጠጋኙ ፓወር ሰፕላዩን ሲፈታው ከታች የደረቀ ሲሚንቶ ተጋግሮበት አገኘ። ሰው በእጁ እንደሚመዝን ያወቀ አንድ ጉድ፣ ለእጁ የሚሆነውን አዘጋጅቶለታል።

«ይሄ እንኳ የግንበኛ ሥራ ነው፣ እህት ዓለም» አለ ጠጋኙ። አልሳቀችም። ከዲስኮቹ የሚተርፍ ነገር እንደሌለም ነገራት።

ሣጥኑን ይዛ ስትመለስበት ሻጩ እኔም እንዲሁ ነው የገዛሁት ብሎ ማለላት። እውነቱን ይሆናል። ታዲያ መደርደሪያው ላይ የቀሩትን ለምን አላወረደም? ነገ ሌላ እጅ ሊያነሣቸው ነው።

አባትየው አሁንም ጠረጴዛዋ አጠገብ ይቀመጣል። ጣቱን ወደ ጆሮው ይወስዳል፤ አሰሚኝ ማለቱ ነው።

«ገና እያጸዳሁት ነው፣ አባዬ» ትለዋለች።

የጠፋውን ስክሪን እያየ ይጠብቃል።

እናንተ በዚያ መናኸሪያ ያለፋችሁ፣ አሮጌ ስልካችሁን ክፈቱ። ሰው ስትሸኙ የቀረጻችሁት ቪዲዮ ካለ፣ ከጀርባ የሚያስገመግም ወፍራም ድምፅ ፈልጉ። «መኪናው ሊነሣ ነው» ብቻ ቢልም አትናቁት። አምጡላት።