ጣታቸውን አያነሡም

ልጄ ሰበታ ላይ የአረጋውያን መኖሪያ ስትከፍት ሠራተኞቹን ማሠልጠኑን ለእኔ ተወችው። ትምህርት ቤት ብዙ አልገፋሁም፤ የማውቀውን ራሴን አስተምሬ ነው ያወቅኩት። ሽማግሌ ማክበርን ግን ማን ያስተምረኛል? ከቡራዩ በታክሲ እየተመላለስኩ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ አረጋዊ ጣቱን አያነሣም። ሠራተኛ ያጥበዋል፣ ያለብሰዋል፣ ያጎርሰዋል።

ሕጉን የጣሱት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ተፍኪ አካባቢ ሲያርሱ የኖሩ አዛውንት። ጠዋት ጠዋት ጎመን መደቡ ላይ አጎንብሰው አረም ሲነቅሉ አገኛቸዋለሁ።

«ኦቦ፣ ይቀመጡ እንጂ! ዕድሜዎን ሙሉ ደክመዋል።»

«ማሎ፣ ተው እባክህ፣ አንተ ልጅ! አሁን መቀመጡ ነው ያደከመኝ።»

በዚህ ሽበቴ «አንተ ልጅ» መባሌ ደስ አለኝ። ቢሆንም ክንዳቸውን ይዤ ወንበራቸው ላይ መለስኳቸው።

ፈቃድ የሚያድሰው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ሊልክ ሆነ። ደረጃውን ካላሟላን ቤቱ ይዘጋል። ልጄ እንቅልፍ አጣች፤ እኔ አልሰጋሁም። አንሶላው ነጭ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ ያብረቀርቃል፣ አረጋውያኑ ጋቢና ነጠላቸውን ለብሰው በረድፍ ተቀምጠዋል። ተቆጣጣሪዋ ወጣት ሴት ናት። የመድኃኒቱን ቁም ሣጥን ከፍታ አየች፤ የመታጠቢያ ቤቱን መደገፊያ ብረት ጎትታ ሞከረች። ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ወደ አንዲት እናት ዞር አለች።

«እማማ፣ ቀኑን በምን ያሳልፋሉ?»

እማማ እኔን አዩኝ። እኔም በኩራት መለስኩላቸው። «በምንም! ጣታቸውን አያነሡም።»

«ሲመጡስ በእጃቸው ይበሉ ነበር?»

«ይበሉ ነበር። እዚህ ግን እናጎርሳቸዋለን።»

«አሁን ብቻቸውን መብላት ይችላሉ?»

እማማ ጣቶቻቸውን ሊያጥፉ ሞከሩ፤ እምቢ አሏቸው።

ተቆጣጣሪዋ ንጽሕናችንን አመስግና ፈቃዱን ሳታድስ ሄደች። የሚችሉትን ራሳቸው እንዲሠሩ ካልተውናቸው በሚቀጥለው ወር ቤቱ ይታሸጋል። በሩ እንደተዘጋ ልጄ ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ አክብረህ አክብረህ ልትገድላቸው ነው!»

ሠራተኞቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዞሩ።

ሕጉን ሻርኩ። አዛውንቱ መኮትኮቻ ተሰጣቸው፤ እማማ ምስር መልቀም ጀመሩ፣ መጀመሪያ በጭንቅ፣ ኋላ እየተሳደቡ። እውነቱን ለመናገር፣ ሽማግሌ እየሠራ ወጣት ቆሞ ሲያይ ዛሬም ያንገበግበኛል። ነገር ግን ልጆቼ ሆይ፣ ሰውን ከሥራው ነጥቆ ማክበር ክብር አይደለም።

ተቆጣጣሪዋ የተመለሰችው በምሳ ሰዓት ነው። እማማ እንጀራውን ቆረሱ፣ ወጡን አጠቀሱ፣ እጃቸው ቀስ እያለ ወደ አፋቸው ጉዞ ጀመረ። ግማሹ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። ልረዳቸው ብድግ ስል ልጄ ኮቴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን እጃቸውን እናያለን። ጎረሱ። አኝከው ዋጡና ዙሪያቸውን በቁጣ ቃኙ።

«ምን አፍጥጣችሁ ታዩኛላችሁ? ሰው ሲበላ አይታችሁ አታውቁም?»

ተቆጣጣሪዋ እየሳቀች እስክሪብቶዋን ከቦርሳዋ አወጣች።